በቆዳው ጀርባ ላይ ያለው ቀዳዳ

ባሌን ቄራ ውስጥ ሰው ሁሉ «ቧንቧ» ነው የሚለው። ስሙ ሲወጣለት እኔም ቆሜ ነበር። ሁለት ቆዳ ገፋፊዎች ቢላ እንደያዙ ተናንቀው ወለሉ ላይ ይንከባለላሉ፤ የቀረው ወንድ ሁሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ «ኧረ ተዉ፣ ኧረ በፈጠራችሁ» ይላል። እሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄዶ የወለል ማጠቢያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተና ቀዝቃዛውን ውሃ ፊት ፊታቸው ላይ ለቀቀባቸው። ትን ብሏቸው ሲለያዩ ቢላዎቹን ለቅሞ፣ በሉ ጉንፋን ሳይዛችሁ ልብስ ቀይሩ አላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቧንቧ ሆኖ ቀረ። እኔም ስናደድበት ቧንቧ እለዋለሁ፤ የምናደድበት ቀን ደግሞ ብዙ ነው።

ቄራ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ልንገር። እዚያ ቤት ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ስለት ይዞ ነው የሚውለው። ሌላ ቦታ ሰው ሲጣላ ይሰዳደባል፣ ቢበዛ ድንጋይ ፍለጋ ያጎነብሳል፤ እስኪያገኝም ይበርድለታል። እኛ ዘንድ የተናደደ ሰው እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሆድ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል በሠራሁባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት ጆሮው የተቆረጠ አይቻለሁ፣ ጎኑ የተተለተለ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜማ ሥጋ መስቀያው መንጠቆ ጉንጩን ይዞት አፉ እስከ ጆሮው የተቀደደ ሰው ደሙን እየዋጠ ሲሳደብ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ነው ባሌ ገላጋይ ልሁን ያለው። ጤነኛ ሰው ነው ትላላችሁ?

መለየቱ ሳያንሰው ማስታረቅም ጀመረ። ማንም አልሾመውም፤ ሰው ግን እሱን እሺ ማለት ለመደ። ሥርዓቱ የራሱ ነው። የተጣሉትን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ያስገባቸዋል። ቢላ ደጅ ይቀራል፣ ሽርጥ ይወልቃል፣ ቦቲም ይወልቃል። ቦቲው ላይ ሰው ይስቅበት ነበር፤ እሱ ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ወለሉ ሞራ የጠጣ ሲሚንቶ ነው፤ በባዶ እግሩ ቆሞ ሊማታ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው ራሱ ነው። ከዚያ በርጩማ ላይ ያስቀምጣቸውና በሩን ዘግቶ መሃላቸው ይቀመጣል። ማን ጀመረ ብሎ አይጠይቅም። ጥፋተኛውንም አይፈልግም። «ነገ ጠዋት አንድ በሬ ላይ ትቆማላችሁ ወይስ አትቆሙም?» ይላቸዋል፤ በቃ፣ ጥያቄው ይሄው ነው። እሺ እስኪሉ በሩ አይከፈትም። ሰውን በረሃብ ነው የምታስታርቀው እለው ነበር። የሚገርመው ግን ታርቀው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ፤ ይሄን ሁሉ የማወራው በሱ ምክንያት ነው። ከእናቴ ልጆች የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያጠብኩት፣ ያበላሁት፣ ቅማሉን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ሳገባም ይዤው ነው የገባሁት። ባሌ አንድ ቀን ፊቱን ሳያጠቁርበት አሳደገው፤ አድጎ ራሱን ሲችል ቄራ ወስዶ ቆዳ መግፈፍ ያስተማረውም እሱ ነው። ልጁ «ጋሼ» ይለዋል፣ የረገጠውን ይረግጣል፣ እንደሱ ይራመዳል። ሁለቱን አንድ ማዕድ ላይ ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ከሁለቱ አንዱን አጣለሁ ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ቆዳ የሚገፍፉት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ ከቀኝ ጎን፣ አንዱ ከግራ ጎን ይጀምርና ጀርባው ላይ ይገናኛሉ። ቆዳውን የበሳ ሰው ይመዘገብበታል። በዓመት ሦስት ቀዳዳ ያስቆጠረ ቢላውን አስረክቦ የሆድ ዕቃ ጋሪ ገፊ ይሆናል። ለገፋፊ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፤ ጋሪውን ሲገፋ የትናንት ጓደኞቹ ያፏጩበታል። ወንድሜ ሁለት ነበረበት። ጓደኛውም ሁለት ነበረበት። ያ ጓደኛው በግራ እጁ ስለሚሠራ ግራኙ ይሉታል፤ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ለነገር የማይተኛ ሰው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ የገፈፉት ቆዳ ወለል ላይ ሲዘረጋ ቀዳዳ ተገኘበት። የት? ጀርባው ላይ፣ ሁለቱ ቢላ በተገናኘበት መስመር፣ ልክ መሃሉ ላይ። የአዳራሹ አለቃ «የማን ነው?» አለ። ወንድሜ ያንተ ነው አለው፣ ግራኙም ያንተ ነው አለው። አለቃውማ በምሳ ሰዓት ተስማምታችሁ ስም ንገሩኝ ብሎ ጥሏቸው ሄደ፤ አለቃ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው።

ግራኙ የቢላ መሳያውን ብረት ከወገቡ መዞ ወንድሜን ቅንድቡ ላይ አሳረፈበት። ድምፁን እኔ ከማጠቢያው ክፍል ሰምቼዋለሁ፤ ስሮጥ ስመጣ ልጁ ዓይኑ ውስጥ ደም እየገባ በጭንቅላቱ የግራኙን አፍንጫ ሲደፈጥጠው ደረስኩ። ተያይዘው ወደቁ። ግራኙ ጉሮሮውን ይዞ ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያጋጨዋል፤ ወንድሜ ደግሞ ትከሻውን ነክሶ አለቅም ብሏል። ሥጋ ሲነጭ አየሁ። ባሌ ቧንቧውን ለቀቀባቸው፤ ያን ቀን ውሃው ብቻውን አልበቃም፣ ግራኙን በቦቲው ጎኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ ነው ያላቀቃቸው። ወለሉ ላይ የሚሄደው ውሃ የማን ደም እንደሆነ አይለይም ነበር።

እንግዲህ ባሌ ምን እንዳደረገ ስሙ። ሁለቱን አስገብቶ ከማስቀመጡ በፊት ብቻውን ቆዳ ማከማቻው ሄደ። እዚያ ቆዳ ላይ ጨው የሚነሰንስ አንድ ሽማግሌ አለ። ባሌ ቆዳውን አስገልብጦ ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰው። ሃያ ዓመት የገፈፈ ሰው ቁርጥን ያነባል፤ የቀኝ እጅ ቢላ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ የግራ ወደ ሌላው። ይሄኛው ያዘነበለው እንደ ግራ እጅ ነበር። አወቀ። አውቆ ሽማግሌውን የግራ እጅ ነው፣ ጨው ነስንስበት፣ ዝም በል ብሎት ወጣ።

ከዚያ በርጩማው ላይ አስቀምጧቸው ቀዳዳውን ወንድሜ እንዲወስደው ለመነው። መለመን ነው የምለው እንጂ ማስገደድ ነበር። አንተ ታናሽ ነህ፣ ትችለዋለህ፣ ለኔ ስትል ብሎ ያዘው። ልጁ እኔ አይደለሁም እያለ፣ ቅንድቡ እየደማ፣ ለጋሼው ሲል እሺ አለ። በዚያ ላይ ልጁ ራሱ ግራኙን ይቅርታ እንዲጠይቅ አደረገው። በሩ ተከፈተ፣ ሰው አጨበጨበ፤ ቧንቧ ለዘመዱ አላደላም ተባለ።

ማታ እራት ላይ፣ ልጁ በሌለበት፣ ለእኔ ነገረኝ። ለምን እንዲህ አደረግህ ስለው፣ እውነቱን ባወጣው የሚስቱን ወንድም አዳነ ይሉኝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል፣ በሚቀጥለው ጠብ ሰው ይሞታል አለኝ። አሁን የምለውን የምለው አፌን ሞልቼ አይደለም። እኔ ምን አልኩት? ብነሳና ሳህኑን ፊቱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ። «ተወው እንግዲህ፣ የኛ ልጅ ነው፣ ይችለዋል» አልኩት። በዚህ አፌ።

ወንድሜ ጋሪ ገፊ ሆነ። ጋሪው የሚመጣው ደግሞ ወዴት ነው? ወደ እኔ። በቀን ሃያ ጊዜ የክፍሌ በር ላይ ይቆማል፤ ሆድ ዕቃውን ይዘረግፍልኛል። ከኋላው ፉጨቱ ይሰማኛል። «አይዞሽ እቴቴ፣ ሥራ ሥራ ነው» ይለኛል፣ እሱ ያጽናናኛል። አንጀቴን በላው። ዛሬ ልንገረው፣ ነገ ልንገረው እያልኩ አምስት ሳምንት አለፈ።

ጨው ነስናሹ ሽማግሌ ቀደመኝ። ያ ሰው ክፋት የለበትም፤ ወሬ ግን ሆዱ ውስጥ አያድርም፣ አምስት ሳምንት መቆየቱም ይገርመኛል። ልጁ ጋሪውን አቁሞ ሲያርፍ ቢያየው አዘነለትና፣ አማችህ እኮ ቆዳውን ገልብጦ አይቶ የግራ እጅ ነው ብሎ ነበር፣ ትልቅ ሰው ነህ፣ ለሰላም ስትል ቻልከው አይደል አለው። ሊያመሰግነው ፈልጎ ነው አሉ።

ወንድሜ ጋሪውን ጥሎ ወደ አዳራሹ ገባ። ሰዓቱ ቀትር ነው፣ ሥራው በግለቱ ላይ ነው። ቢላ ከሚነከርበት የሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ያገኘውን አነሳ። ባሌ አንድ በሬ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ሲጠራው ቀና አለ። ያኔ ሲነጋገሩ የሰሙት ብዙ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የነገሩኝ።

«ጋሼ፣ ቆዳውን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«የማን እጅ ነው?»

«የሱ ነው» አለ ባሌ።

መዋሸት ይችል ነበር። ይዋሽ አልልም፤ ግን ለአምስት ሳምንት የዘጋውን አፍ ስለት የያዘ ሰው ፊት መክፈት የቧንቧ ሥራ ነው። ወንድሜ ወደ ደረቱ ሰነዘረ። ባሌ ቀኝ እጁን አስቀደመ። ቢላው መዳፉን በስቶ በወዲያኛው ወጣ፤ ልጁ መልሶ ሲነቅለው ወደ አንጓው ጎተተውና ጅማቶቹን በጣጠሳቸው። ሁለተኛ ሰነዘረና ክንዱን እስከ አጥንቱ ከፈተው። ሦስተኛውን ሲያነሳ ቧንቧውን የለቀቀበት ግራኙ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ወደቁበት፤ ጥርሱን አወለቁት፣ የጎኑን አጥንት ሰበሩት። ጋሼ፣ ጋሼ እያለ ነው የተደበደበው።

እኔ ስደርስ ባሌ ተንበርክኮ እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፏል፤ ደሙ በክርኑ ይወርዳል። ወንድሜን አራት ሰዎች ወለሉ ላይ ተጭነው ይዘውታል። ወደ ማን ልሂድ? እኔ ሞኟ ወደ ሁለቱም አልሄድኩም መጀመሪያ። የቆርቆሮ ባልዲ ይዤ ነበር፤ በሱ ወንድሜን ጭንቅላቱን፣ ጀርባውን፣ ያገኘሁትን ቦታ ደበደብኩት። ያሳደግኩትን ልጅ። ባልዲው እስኪጣመም አላቆምኩም። ከዚያ ነው ሽርጤን ቀድጄ የባሌን እጅ ያሰርኩት።

ሐኪሟ እጁን ሰፍታ ስትጨርስ ወደ ጎን ወሰደችኝና ሦስቱ ጣቶች ከእንግዲህ አይታጠፉም አለችኝ። ቢላ መያዝ ይችላል ወይ ስላት ማንኪያም መያዝ አይችልም አለች። ወንድሜ ጣቢያ ታሰረ። መርማሪው ሰው መስሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ተጎጂው ታርቄያለሁ ብሎ ከፈረመ መዝገቡን እዘጋዋለሁ፣ ካለፈ ግን ከአምስት ዓመት አያንስም አለኝ። ሁለት ሳምንት ሰጠን።

እኔ አለቀልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ባሌ አይደል እንዴ? ስንቱን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው! የሆስፒታሉ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አልፈልግም» አለኝ።

በማግሥቱም አልፈልግም። በሦስተኛውም። ለመንኩት፣ አፈር ስሆንልህ አልኩት፣ ሰደብኩት፤ አዲስ የገባ በሽተኛ ሳይቀር ታሪካችንን አወቀ። ይሄን ሁሉ ሰው እሺ በሉ ስትል ኖረህ አንተ እንዴት እምቢ ትላለህ ስለው፣ ምን እንደምጠይቃቸው አላውቅም ነበር አለኝ። ሌሊት ሌሊት ጣቶቼ የሚታጠፉ ይመስለኛል፣ ስነቃ ጨርቅ ነው የማየው አለ።

በአሥረኛው ቀን ግራኙ መጣ። አፍንጫው ጠምሞ ቀርቷል፣ አልጋው አጠገብ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ። ቀዳዳው የኔ ነው አለ፤ ቢላው ሲያመልጠኝ እጄ ላይ ተሰምቶኛል፣ ያን ዕለት በርጩማው ላይ አንድ ጊዜ «ያንተ ነው?» ብለህ ብትጠይቀኝ አምን ነበር፣ አልጠየቅከኝም አለው። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። ተቆጥቶ የሚያስወጣው መስሎኝ ተነሳሁ። እሱ ግን ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው እያየው። በማግሥቱ ጠዋት ልብሴን አምጪልኝ፣ ጣቢያ እንሂድ አለኝ።

የመርማሪው ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ፣ ፍርግርግ ያለው መስኮት። ወንድሜን አስገቡት። ከስቷል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ ጎኑን ይዞ ነው የተቀመጠው። ባሌ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ሆነ።

«ቀዳዳው ያንተ አልነበረም» አለው። «በዚያው ቀን አውቄዋለሁ። አንተ ላይ የጫንኩት የኔ ስለሆንክ ነው፤ ባዕድ ብትሆን እውነቱን እናገርልህ ነበር። ነገ ለአዳራሹ ሰው ሁሉ እናገራለሁ። ይቅር በለኝ።»

ወንድሜ ፋሻውን አየ።

«እጅህን በመውጋቴ ይቅርታ» አለ። «አጥፍቻለሁ። እስራቱም ይገባኛል። አንተን ግን ይቅር አልልህም ጋሼ። አልችልም።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ እኔ ግራ ገባኝ፣ ለመሆኑ የተወጋው ማነው አለ። ደሜ ፈላ። ተነስቼ የልጁን ኮሌታ ያዝኩና ለጋሼህ ጉልበት ውደቅ ብዬ ስጎትተው፣ ባሌ በግራ እጁ ቀሚሴን ይዞ መለሰኝ። ተይው፣ አታስገድጂው፣ ቂሙን ይዞ ከወጣም ይዞ ይውጣ አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና የግራ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመበት። ታርቄያለሁ የሚለው ላይ።

ወንድሜን አመሻሹ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀቁት። ባሌ ራቅ ብሎ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ በር ላይ ልብሱን በፌስታል ይዤ ጠበቅኩት። ቤት ወስጄ አጥቤው፣ አብልቼው፣ ቀስ በቀስ ሁለቱን አንድ ማዕድ ላይ እመልሳቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ወጣና ፊቴ ቆመ። ባልዲው የሰነጠቀው ግንባሩ ገና አልደረቀም።

«እቴቴ፣ አንቺስ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

አላውቅም ብለው አብሮኝ ይመጣ ነበር። ዓይኑ እንደዚያ በይኝ እያለ ይለምነኛል። ባሌ እንደሆነ አይናገርብኝም። አንዲት ቃል ናት። ለሰላም ሲባል የተዋጠ ነገር ምን እንዳመጣ ደግሞ ግንባሩ ላይ አያለሁ።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «በዚያው ማታ ነግሮኛል። ተወው፣ ይችለዋል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቄራ ውስጥ የኖርን ሰዎች ነን፣ ዱላ እንችላለን። እሱ ግን ፌስታሉን ከእጄ ቀስ ብሎ ተቀበለኝ፣ አመሰግናለሁ አለኝ፣ እንደ ባዕድ ሰው። ከዚያ መንገዱን ተሻገረ። ዞር ብሎም አላየኝም።

ይሄው ሁለት ዓመት አለፈ። ባሌ አሁን መሣሪያ ክፍል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለገፋፊዎቹ ቢላቸውን በግራ እጁ ያድላል። የተጣላ ሰው ዛሬም ወደሱ ይሄዳል። አሁን ግን ማን ጀመረ ብሎ ይጠይቃል፣ ቆዳ ካለ ቆዳውን ፊታቸው ያስዘረጋል፤ ግማሾቹ ሳይታረቁ ነው የሚወጡት። ድሮ ይሻል ነበር የሚሉም አሉ።

ወንድሜ አውቶቡስ የምቀይርበት ፌርማታ አጠገብ እብነ በረድ ቤት ሥራ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፤ ነጭ አቧራ ለብሶ መጋዙ ላይ ይቆማል። ደህና አደርክ እለዋለሁ። አይመልስልኝም፤ ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ለመጋዙ ይሰጠዋል፣ ጩኸቱ ሁሉንም ነገር ይውጠዋል።

ማታ ቤት ስገባ ባሌ አየሽው ይለኛል። አየሁት እለዋለሁ። ምን አለሽ ይለኛል። ሰላም በይልኝ ብሏል እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቅና ማንኪያውን በግራ እጁ ይዞ እራቱን ይበላል።